የአሮጌ ዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ ሲሞት፦ ጠባሴ ያለችው ጥገና ቤት

ኮምፒውተራችሁ ተበላሽቶ ጠጋኝ ዘንድ ስትወስዱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁን ልብ በሉ። «ስንት ጊጋ ይሁንልዎት?» ብሎ ከጀመረ ዲስክ ሊሸጥላችሁ ነው። «ውስጡ ምን ነበረ? ሌላ ቦታ ቅጂ አለዎት?» ካለ ግን ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አግኝታችኋል። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ያለችው ጥገና ቤት የጠየቀችኝ ሁለተኛውን ነው። ስለ እሷ ልጽፍ የተነሳሁትም ለዚሁ ነው።

እኔ እዚሁ ከተማ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ነው የምሠራው። ከባሶና ወራና ቀበሌዎች ለጉዳይ የመጣ ገበሬ ማመልከቻ ያስጽፋል፣ ቤት አከራይ ውል ያስጽፋል፣ የክስ መልስ ይዞ የሚመጣ አለ፣ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ይሰለፋል። የሠፈራችን እድር የአባላት መዝገብና ቃለ ጉባኤም እኔ ዘንድ ነው። ይህ ሁሉ የሚጻፈው በአንድ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 ላይ ነው። ሞዴሉ በፈረንጆቹ 2011 የወጣ ነው፤ ሁለተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ዲዲአር 3 ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ያረጀ መሆኑን አውቃለሁ። ለጽሕፈት ሥራ ግን ዛሬም ይተርፋል፤ «ጣዪውና አዲስ ግዢ» የሚለኝን ሰው አልሰማም፤ እንዲህ ያለው ማሽን ጠንካራ ነው፣ ዕቃውም በቀላሉ ይፈታል፣ ይገጠማል።

ምልክቱ የጀመረው በመዘግየት ነው። ጠዋት ማብሪያውን ተጭኜ በረንዳውን ጠርጌ ስመለስ ገና እየተነሳ ያገኘሁት ነበር። ከዚያ ወርድ ላይ ሴቭ ሳደርግ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ መቆም መጣ። ከዚያ ድምፁ። ሲፒዩው ላይ ጆሮ ካስጠጉ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ትንሽ ዝም፣ እንደገና ቀጭ። አንድ ቀን ጠዋት ዊንዶውስ የሚባል ነገር ጠፍቶ ጥቁር ስክሪን ላይ የሚነሳበት ዲስክ እንዳላገኘ የሚናገር ነጭ የእንግሊዝኛ መስመር ብቻ ቀረ። የሰሞኑን ሥራ በፍላሽ እይዛለሁ፤ የዓመታቱ ፋይል ግን ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሌላ ሱቅ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። አብርቶ አየና «ዲስኩ ሞቷል፤ አዲስ ይገባል፤ ዊንዶውስ ጭነን ከሰዓት ይወስዱታል» አለኝ። ፋይሉስ ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። ካልሆነ ፎርማት አድርገን እንሞክረዋለንም አለ። ፎርማት የሚለውን ቃል ስሰማ ሲፒዩውን አቅፌ ወጣሁ። ዳታው የሚፈለግ ዲስክን ፎርማት ማድረግ ማለት የታመመውን ሰው ከመመርመር በፊት መገነዝ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ ዲስኩን በላስቲክ ጠቅልለሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው የሚል ምክር ከዩቲዩብ አምጥታልኝ ነበር። ይህንንም አታድርጉ፤ ቀዝቅዞ ሲወጣ ውስጡ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ የተረፈውንም ያጠፋል።

ሲፒዩውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በባጃጅ ጠባሴ ወሰድኩት። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ፊት ለፊት የስልክ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ተሰቅሏል፣ ከጀርባ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በላይ የተፈቱ ማዘርቦርዶች። ቴክኒሻኑ ወጣት ነው። «እትዬ፣ ይቀመጡ» አለና ሳይፈታው በፊት ያንን ጥያቄ ጠየቀኝ። ምን እንደነበረበት ዘረዘርኩለት። «እንግዲያው ሁለት ሥራ ነው» አለኝ። «አንዱ ያለዎትን ማውጣት፣ ሌላው ማሽኑን ማስነሳት። የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛውን አልነካም። ከአሁን በኋላ ደግሞ እቤትዎ አብርተው አይሞክሩት፤ በበራ ቁጥር እየባሰበት ነው የሚሄደው።»

በዚህ ሱቅ የወደድኩት ነገር ሁሉ ከዚህ አነጋገር የተቀዳ ነው። አብዛኛው ሰው ዲስክ መቀየርን እንደ አንድ ሥራ ያየዋል። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ገብቶ ዊንዶውስ ሲነሳ አለቀ ይባላል። ለእንደኔ ዓይነቱ ግን ማሽኑ መነሳቱ ትንሹ ነገር ነው፤ አዲስ ዲስክ ነገም ይገዛል፣ የእድሩ መዝገብ ግን አይገዛም።

ዲስኩን ጥፋተኛ ከማለቱ በፊት ኬብሉን ቀየረ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የሳታ ኬብል የላላ እንደሆነ ጤነኛ ዲስክም የታመመ ይመስላል። ቀይሮ ያው ሆነ። ከዚያ ዲስኩን አውጥቶ ከራሱ ማሽን ጋር አገናኘው፤ ማሽኑን ያስነሳው በዊንዶውስ ሳይሆን ፍላሽ ላይ ባለ ሊኑክስ፣ ማለትም በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር በሚያስነሳ ሌላ ሲስተም ነው። ለምን ስለው፣ ዊንዶውስ የታመመ ዲስክ ሲያይ «ልጠግነው» ብሎ ራሱ መጻፍ ይጀምራል፣ እኛ አሁን የምንፈልገው ምንም ሳይጻፍበት ማንበብ ብቻ ነው አለኝ።

ሃርድ ዲስክ የራሱን ጤንነት የሚመዘግብበት ስማርት የሚባል መዝገብ አለው። እሱን ከፍቶ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝና ሦስት መስመር በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየኝ። ቁጥር 5፣ ተበላሽተው ዲስኩ ራሱ በመጠባበቂያ የተካቸው ሴክተሮች፣ ማለትም ዳታ የሚጻፍባቸው ትንንሽ ክፍሎች። ቁጥር 197፣ ማንበብ አቅቶት ገና ፍርድ የሚጠብቁ። ቁጥር 199፣ በኬብል ላይ የሚፈጠር ስህተት። የ199ኙ ዜሮ ነበር፤ የሁለቱ ግን ከፍ ያለ። «ይኸው፣ ኬብሉ ንጹሕ ነው፤ የታመመው ዲስኩ ራሱ ነው» አለ። እኔ ቴክኒሻን አይደለሁም፤ ነገር ግን ገንዘቤን የማወጣበትን ምክንያት በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያሳየኝ ጠጋኝ አላጋጠመኝም።

እየሠራ አንድ ነገር ነገረኝ፤ እስከ ዛሬ ስገረም እኖራለሁ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው አንባቢ ጭንቅላት ሰሌዳውን አይነካውም። ሰሌዳው በደቂቃ 7,200 ጊዜ ሲዞር በሚፈጥረው አየር ላይ ተንሳፍፎ፣ ለዓይን በማይታይ ክፍተት ነው የሚያነበው። አየሩ ሲሳሳ መንሳፈፊያው ዝቅ ይላል። ስለዚህ አምራቾች የከፍታ ልክ ይጽፉበታል፤ በአብዛኛው እስከ 3,048 ሜትር፣ ማለትም 10,000 ጫማ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከልኩ በታች ነን፣ ግን ብዙም አልራቅንም። መንዝ ላይ፣ ጓሳ አካባቢ ያለው መሬት ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። የኔ ዲስክ በዚህ ሞተ አላልኩም፤ ዕድሜውም መብራት እየሄደ እየመጣ ያደረሰበትም ይበቃዋል። ግን ዕቃው አዲስ አበባ ተገዝቶ መንዝ ተወስዶ የሚሠራ ከሆነ ይህን ማወቅ ይገባል፤ ኤስኤስዲ የሚባለው፣ እንደ ፍላሽ በቺፕ ላይ የሚመዘግበው የዲስክ ዓይነት፣ ውስጡ የሚዞርም የሚንሳፈፍም ነገር ስለሌለ ከፍታው ግድ አይሰጠውም።

አሁን ወደ ማውጣቱ። የተጠቀመበት ፕሮግራም ዲዲ ሬስኪው ይባላል፤ ነፃ ነው። አሠራሩን ሲያስረዳኝ ለምን ከተራ ኮፒ እንደሚለይ ገባኝ። ተራ ኮፒ መጥፎ ቦታ ላይ ሲደርስ እዚያው ሙጭጭ ብሎ ይቀራል፤ ዲስኩ እዚያው ሲታገል ይሞታል። ይህኛው ግን መጀመሪያ ደህና ደህናውን በፍጥነት ያነሳል፤ የተበላሸ ቦታ ሲያጋጥመው ምልክት ጥሎ ይዘልለዋል። ሌላው ሁሉ ከተረፈ በኋላ ነው ወደ ዘለላቸው ተመልሶ ከዳር ከዳር የሚለቅመው። የደረሰበትን ሁሉ በካርታ ፋይል ይይዛል። ይህ ካርታ የእኛን አገር ሁኔታ አስቦ የተሠራ ይመስላል፤ በመሃል መብራት ሄደ። ሱቁ ጨለመ፣ እኔ ደረቴን ያዝኩ። ልጁ ግን ሻይ አዘዘልኝ። መብራት ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ ጻፈና ከቆመበት ቀጠለ፤ ከመጀመሪያው አልጀመረም።

ከመቶ 99 በላይ ወጣ። የወጣው በሱቁ ትርፍ ዲስክ ላይ ነው፤ ፋይሎቹን የፈለገውም ከዚያ ቅጂ ላይ ነው፤ የታመመውን ዳግም አልነካውም። የጎደለውንም አልደበቀኝም። የተወሰኑ የጉርድ ፎቶዎችና አንድ የቆየ ቃለ ጉባኤ ከግማሽ በኋላ አይከፈትም። ቃለ ጉባኤው በወረቀት ታትሞ በእድሩ ፋይል ውስጥ ስላለ እንደገና እጽፈዋለሁ። የውሎቹ ፎልደር ሙሉ ነው። የአባላቱ መዝገብ ሙሉ ነው። ስክሪኑ ላይ የእድሩን ፎልደር ከፍቶ «ይኸው እትዬ፣ ራስዎ ይዩት» ሲለኝ አንድ በአንድ እየከፈትኩ አየሁ፤ ደንበኛ እየጠበቀው እንኳ አላጣደፈኝም።

ቀጥሎ የሚገባው ዲስክ ላይ ተማከርን። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ትንሹና ፈጣኑ ለዚህ ማሽን አይሆንም፤ 790 ማዘርቦርድ ላይ መሰኪያው የለም። ሱቅ ገብታችሁ ፈጣን ነው ተብላችሁ እንዳትገዙት። የሚሆነው ባለ 2.5 ኢንቹ የሳታ ኤስኤስዲ ነው። 240 ጊጋ ኪንግስተን ኤ400 ገዛሁ። አምራቹ በሴኮንድ እስከ 500 ሜጋባይት ያነባል፣ እስከ 350 ይጽፋል ይላል፤ ሰማንያ ቴራባይት እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል፣ ዋስትናውም ሦስት ዓመት ነው። በገበያው የበለጠ ፈጣን ሳታ አለ፤ ለወርድና ለፎቶ ኮፒ ቤት ግን ይህ ይበቃል፤ በልዩነቱ ገንዘብ ሌላ ነገር መግዛት ይሻላል። እኔም በልዩነቱ ራም ጨመርኩ፤ ከ4 ወደ 8 ጊጋ።

አዲሱን ዲስክ ከማሸጊያው አውጥቶ ወዲያው አልገጠመውም። ሙሉ መጠኑን በዳታ ሞልቶ መልሶ አነበበው። ለካ ላዩ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን ትንሽ የሆነ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ በገበያው አለ፤ በፍላሽ ላይ ሁላችንም አይተነዋል። ኮምፒውተሩ መጠኑን ሲጠይቀው ይዋሻል፤ ሲሞላ ብቻ ነው የሚጋለጠው። ማንም ዘንድ ስትገዙ ይህን ፊታችሁ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ።

አገጣጠሙ ፈጣን ነበር። ኤስኤስዲው ከአሮጌው ስለሚያንስ ማቀፊያ ብረት አስገባለት፤ አንዳንዱ ሱቅ ዝም ብሎ በኬብሉ ላይ አንጠልጥሎ ይተወዋል። የሳታ መሰኪያዎቹ ሁሉ እኩል ፍጥነት እንደሌላቸው ነገረኝና ፈጣኑን መርጦ ሰካው። ባዮስ የሚባለው የማሽኑ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ የዲስኩን አሠራር ለኤስኤስዲ በሚስማማው፣ ኤኤችሲአይ በሚባለው ላይ አደረገ። የማዘርቦርዷን ክብ ባትሪም ለካት፤ ደክማለች። ሰዓቱ ሁልጊዜ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ ኢንተርኔት ስከፍት ገጾቹ አይታመኑም እያለ ሲያስቸግረኝ የነበረው ለካ በእሷ ነው። ሲአር 2032 ናት፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው። አቧራውንም በብሩሽና በአየር አወጣው።

ዊንዶውስን ከአሮጌው ቅጂ ላይ አላዛወረውም፤ አዲስ ጫነ። የተጎዳ ዲስክ ላይ የነበረ ሲስተም ፋይሉ መሃል መሃሉ ጎድሎ ይሆናል፣ በኋላ በማይታወቅ ምክንያት ይንጠባጠባል ነው ያለው፤ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ዊንዶውስ 10 ነው የጫነው። ማይክሮሶፍት በጥቅምት 2018 ድጋፉን ማቆሙን፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ሁለተኛ ትውልድ ፕሮሰሰርን እንደማይቀበል ሳይሸፋፍን ነገረኝ። ሊኑክስ ልጫንልዎት ወይ ብሎም ጠይቆኝ ነበር። እኔ የምሠራበት የአማርኛ መጻፊያ ዊንዶውስ ላይ ስለሆነ አልቻልኩም። የደንበኛ ፍላሽ ቀኑን ሙሉ የሚሰካበት ማሽን መሆኑን ሲያውቅ ግን ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚከፈተውን ነገር ዘጋው፤ ያች ፎልደሩን ሁሉ ወደ ሾርትከት የምትቀይረው ቫይረስ የጽሕፈት ቤት ሰው ሁሉ ያውቃታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እኔ ነኝ ያስታወስኩት። ሁሉም አልቆ አንድ የድሮ ውል ሲከፍትልኝ ፊደሉ ጠፍቶ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆነ። ልጁ ፋይሉ የተበላሸ መስሎት ደነገጠ። ፋይሉ ደህና ነው። በድሮ ጊዜ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት የተጻፈ ሁሉ ፎንቱ ከሌለ እንደዚያ ነው የሚታየው። የግዕዝ ፊደል በፈረንጆቹ 1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ቦታ አግኝቷል፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮም የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት አብሮ ይመጣል፤ በዚያ የተጻፈ የትም ይከፈታል። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች ግን የእንግሊዝኛውን ቦታ ተበድረው የሚሠሩ ስለነበሩ ያለ ፎንታቸው ዋጋ የላቸውም። «ካወጣኸው ቅጂ ላይ ዊንዶውስ ውስጥ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር ፈልግልኝ» አልኩት። ፈለገ፣ ሁሉም እዚያው ነበሩ። ኮፒ አድርጎ ሲጭናቸው ያ ዝብርቅርቅ ወደ አማርኛ ተመለሰ። ልጁ ከወንበሩ ተነስቶ ነው ያየው፤ ከዚህ በኋላ ለጽሕፈት ቤት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ፎንቱን አወጣለሁ አለኝ። የምትሄዱበት ጠጋኝ ሌላ ከሆነ እናንተ ንገሩት፤ ሰነድና ፎቶ ብቻ አውጥቶ ዊንዶውስ የሚለውን ፎልደር እንዳይተወው።

አሁን ማሽኑ ነጠላዬን አውልቄ ሳልሰቅል ይነሳል። ሴቭ ሲባል ሴቭ ነው። ሃርድ ዲስክ አንድ ፋይል ለመፈለግ ጭንቅላቱን ማንቀሳቀስና ሰሌዳው እስኪዞርለት መጠበቅ አለበት፤ ኤስኤስዲ ይህ ሁሉ የለበትም። በአሮጌ ማሽን ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰማል። በፈረንጆቹ 2011 ላይ ለተሠራ ኮምፒውተር ገንዘብ የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ ያውጣ የምለው እዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን ልጁ ራሱ ያስጠነቀቀኝን ሳልጽፍ አላልፍም። ኤስኤስዲ ሲሞት እንደ ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ብሎ አያስጠነቅቅም፤ ደህና ዋለ ስንል በድንገት ይጠፋል፣ ከጠፋም ዳታውን ማውጣት ይከብዳል። መብራት በድንገት ሲሄድም ርካሾቹ ኤስኤስዲዎች እየጻፉት የነበረውን ሊያጡ ይችላሉ። ስለዚህ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጊዜው የሚይዘው ባትሪ፣ አሁንም ያስፈልጋል፤ ቅጂም ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የዓመታቱን ፋይል የምገለብጥበት የውጭ ሃርድ ዲስክ እዚያው ገዛሁ። ቀን ቀን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ማታ ከመዝጋቴ በፊት ገልብጬበት እነቅለዋለሁ። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ቅጂ መብራት አብሮ ይመታዋል፣ ቫይረስም አብሮ ይገባበታል።

ስለ ዋጋ፦ ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር የዲስክ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፤ ዛሬ ብጽፍላችሁ ነገ ያሳስታችኋል። ይህን ያህል ግን ልበል፦ ለማውጣቱ የከፈልኩት ለአዲሱ ዲስክ ከከፈልኩት ያንሳል፤ ለመግጠምና ለመጫን የተጠየቅኩትም መጠነኛ ነው። ማውጣቱ ካልተሳካ ለማውጣቱ እንደማያስከፍል ከመጀመሪያው ነግሮኝ ነበር። ዲስኩ ጭራሽ የማይታወቅ፣ የማይዞር ቢሆን እሱ አይከፍተውም፤ ሃርድ ዲስክ ከፍቶ የሚጠገነው አቧራ በሌለበት ልዩ ክፍል እንደሆነ፣ ያ ደግሞ እሱ ዘንድ እንደሌለ በግልጽ ተናግሯል። ይህን የሚል ሰው ይታመናል። በሱቅ ጠረጴዛ ላይ ዲስክ በስክሪውድራይቨር ከፍቼ አሳይሃለሁ ከሚል ሰው ሽሹ።

የማልወደው አለ። ነገ ያልቃል ተብሎ ነገ አላለቀም፤ ከነገ ወዲያም ደውዬ ስልክ አልተነሳም። ዲስኩ የታመመ ስለሆነ ማንበቡ እንደሚረዝም ገብቶኛል፤ ሥራው የዘገየበትን አልቃወምም፤ ይዘገያል ብሎ አንድ ስልክ አለመደወሉን ግን እቃወማለሁ፤ እኔ ደንበኞቼን የምመልሰው በምን ቃል እንደሆነ ማሰብ ነበረበት። ደረሰኝም ጠይቄ ነው የተሰጠኝ፣ እሱም በእጅ የተጻፈ። የዕቃው የአምራች ዋስትና ሦስት ዓመት ቢሆንም የሱቁ ዋስትና ሦስት ወር ብቻ ነው፤ እንዲጻፍልኝ አስገደድኩ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቅጂው ነገር ነው። ከኔ ዲስክ ያወጣው ሁሉ በሱቁ ዲስክ ላይ ቀርቶ ነበር። እዚያ ውስጥ የሰው መታወቂያ ስካን አለ፣ የፍርድ ቤት ክርክር አለ፣ የፍቺ ስምምነት አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ወጥቷል፤ አዋጅ ባይወጣም ሰው እኔን አምኖ ያስጻፈውን ሌላ ሰው ዘንድ የመተው መብት የለኝም። አሮጌውን ዲስክ ሳልጠይቀው በካርቶን አድርጎ መልሶልኛል፣ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። የሱቁን ቅጂ ግን «አጥፋልኝ» እስክለው ድረስ አላነሳውም። ስለው አልተከራከረም፤ ፊቴ አጠፋው፣ ተመልሶ እንዳይወጣም በላዩ ላይ ሌላ አስጻፈበት። ይህንን ለሁሉም ደንበኛ ሳይጠየቅ ሊያደርገው ይገባል፤ ለራሱም ነግሬዋለሁ፣ እዚህም እጽፈዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ ጋር ለማን ነው የምጠቁመው? በዲስኩ ላይ የማይተካ ነገር ላለው ሰው ሁሉ፤ ለእድር ጸሐፊ፣ ለመምህር፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ፣ ለጽሕፈት ቤት። ከአንኮበርም ከደነባም ቢመጣ የትራንስፖርቱ ገንዘብ አይባክንም። በዲስኩ ላይ ምንም የሌለው፣ ቶሎ ዊንዶውስ እንዲነሳለት ብቻ የፈለገ ግን ሌላ ቦታ ይፈጥንለታል።

ሱቋ ከዋናው የደሴ መንገድ ገባ ብላ ናት፤ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ስልክ የሚያሠራ ይበዛል። ሞኒተርና ኪቦርድ አትሸከሙ፣ ሲፒዩው ብቻ ይበቃል። የፕሪንተራችሁን ሞዴል ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ካልያዛችሁ ለድራይቨሩ ሌላ ቀን ትመለሳላችሁ። ከሁሉም በላይ የምትፈልጓቸውን ፎልደሮች ስም ከአስፈላጊው ጀምራችሁ ጻፉለት፤ ዳታው ከዲስኩ ከወጣ በኋላ መጀመሪያ የሚፈልገውና የሚያሳያችሁ እነሱን ነው።